የዓለም አቀፍ አገልግሎት ንግድ ስታቲስቲክስን ማሰባሰብና ሥራ ላይ ማዋል፦ የአሠራር መመሪያ

አንድ ዕቃ ድንበር ሲሻገር የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይሞላለታል፤ ዓይነቱ፣ ክብደቱ፣ ዋጋውና የመጣበት አገር በአንድ ሰነድ ላይ ይሰፍራል። አንድ የምሕንድስና ድርጅት ለውጭ ደንበኛ ያዘጋጀውን የድልድይ ንድፍ በኢሜይል ሲልክ ግን የሚያስቆመው ኬላም ሆነ የሚመዘግበው ሠራተኛ የለም። የአገልግሎት ንግድ ስታቲስቲክስ አስቸጋሪነት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ቁጥሩ በራሱ ጊዜ መጥቶ የሚመዘገብበት ቦታ ስለሌለ፣ አገልግሎቱን የሸጡትንና የገዙትን ወገኖች ፈልጎ ማግኘትና መጠየቅ ግድ ይላል። ስለዚህ የውጤቱን ጥራት ከስሌቱ ይልቅ የሚወስነው ማን፣ ምን፣ በምን መልክ እንደተጠየቀ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሥራውን አዲስ ለሚጀምሩ ወይም ነባሩን አሠራር ለማሻሻል ለሚያስቡ የስታቲስቲክስ ተቋማትና የማዕከላዊ ባንክ ባለሙያዎች ቢሆንም፣ ቁጥሩን ተቀብለው የሚጠቀሙበት የፖሊሲና የንግድ ድርድር ሠራተኞችም የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ቢያነቡ ይጠቅማቸዋል።

የሚለካውን አስቀድሞ መወሰን

ለሥራው መነሻ የሚሆኑት ዋና ሰነዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የክፍያ ሚዛን (የአንድ አገር ነዋሪዎች ከሌላው ዓለም ጋር የሚያደርጉት የኢኮኖሚ ግብይት መዝገብ) መምሪያ ስድስተኛ እትም ሲሆን፣ አገልግሎቶችን በ12 ዋና ዋና መደቦች ይከፍላል። በሌላ ወገን ንብረት ላይ የሚሰጥ የማምረት አገልግሎት፣ ጥገና፣ ትራንስፖርት፣ ጉዞ፣ ግንባታ፣ መድንና ጡረታ፣ የፋይናንስ አገልግሎት፣ የአእምሯዊ ንብረት መጠቀሚያ ክፍያ፣ ቴሌኮሙኒኬሽንን ከኮምፒውተርና ከመረጃ አገልግሎት ጋር ያጣመረው መደብ፣ ሌሎች የንግድ ሥራ አገልግሎቶች፣ የግልና የባህል አገልግሎት ከመዝናኛ ጋር፣ እንዲሁም በሌላ ቦታ ያልተመደበ የመንግሥት አገልግሎት የሚባሉት ናቸው። ሁለተኛው ሰነድ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከሌሎች ዓለም አቀፍ ተቋማት ጋር ያዘጋጀው የ2010 የዓለም አቀፍ አገልግሎት ንግድ ስታቲስቲክስ መምሪያ ነው፤ እነዚህን መደቦች በዝርዝር ይከፋፍላል፣ በውጭ አገር የተቋቋሙ ኩባንያዎች ሽያጭ የሚለካበትንም ዘዴ ይጨምራል። የክፍያ ሚዛን መምሪያው ሰባተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2025 ስለወጣ፣ አዲስ ሥርዓት የሚዘረጋ አገር የመለያ ኮዶቹን ከወዲሁ ወደ አዲሱ ለመሸጋገር በሚመች መልክ ቢቀርጻቸው በኋላ ከሚመጣ ድካም ይድናል።

ንግዱ ዓለም አቀፍ የሚባለው በነዋሪና ነዋሪ ባልሆነ ወገን መካከል ሲካሄድ ነው። እዚህ ላይ ዜግነትም ሆነ የተከፈለበት ገንዘብ ዓይነት መለኪያ አይሆንም። የአንድ ሰው ወይም ድርጅት ነዋሪነት የሚወሰነው ዋናው የኢኮኖሚ ጥቅሙ በሚገኝበት አገር ነው፤ በተግባር አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ወይም ለመቆየት ያሰበ እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። የውጭ ኩባንያ በአገር ውስጥ ያቋቋመው ንዑስ ኩባንያ ባለቤቶቹ የትም ይሁኑ ነዋሪ ስለሆነ፣ ለአገር ውስጥ ደንበኛ የሚሸጠው አገልግሎት በክፍያ ሚዛን ውስጥ አይገባም። ከአንድ ዓመቱ ደንብ ነፃ የተደረጉት ደግሞ ተማሪዎችና ታካሚዎች ናቸው። ለአራት ዓመት ትምህርት ወደ ውጭ የሄደ ተማሪ እስከሚመረቅ ድረስ የአገሩ ነዋሪ ሆኖ ይቆያል፤ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ፣ የመኝታና የምግብ ወጪው ሁሉ ለአገሩ «ጉዞ» በተባለው መደብ የተገዛ አገልግሎት ነው። ያው ተማሪ ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ቢማር ግን ክፍያው ከጉዞ ወጥቶ የትምህርት አገልግሎት ወደሚገኝበት የግልና የባህል መደብ ይዛወራል። መረጃ ሰብሳቢዎች እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን በቃል ስምምነት ከሚተዉአቸው ይልቅ በጽሑፍ ቢያስቀምጧቸው ይሻላል፤ ሠራተኛ በተቀየረ ቁጥር መደቡም አብሮ ሲቀየር ብዙ ጊዜ ይታያልና።

በሌላ በኩል ከአገልግሎት ጋር የሚምታቱ፣ ነገር ግን የዚህ ስታቲስቲክስ አካል ያልሆኑ ክፍያዎች አሉ። ለጥቂት ወራት ወደ ሌላ አገር ሄዶ በቅጥር የሠራ ሰው ደመወዝ የመጀመሪያ ደረጃ ገቢ (ከሥራ ወይም ከሀብት የሚገኝ ገቢ) እንጂ አገልግሎት አይደለም። በውጭ የሚኖሩ ሰዎች ለቤተሰብ የሚልኩት ሐዋላም የሁለተኛ ደረጃ ገቢ፣ ማለትም በምላሹ ምንም ሳይሰጥበት የሚተላለፍ ገንዘብ ነው። ዕቃን ከአንድ የውጭ አገር ገዝቶ ወደ ራስ አገር ሳያስገቡ ለሌላ የውጭ አገር መሸጥ በስድስተኛው እትም ከአገልግሎት ወጥቶ ወደ ዕቃ ንግድ ሲዛወር፣ የሌላን ወገን ጥሬ ዕቃ ተቀብሎ አምርቶ መመለስ ደግሞ በተቃራኒው ከዕቃ ወደ አገልግሎት መጥቷል።

ከዚህ ጎን ለጎን የዓለም ንግድ ድርጅት የአገልግሎት ንግድ ስምምነት የሚጠቀምበት አከፋፈል መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ከጥር 1995 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ይህ ስምምነት አገልግሎት የሚቀርብባቸውን አራት መንገዶች ይለያል፦ አገልግሎቱ ራሱ ድንበር ሲሻገር፣ ተጠቃሚው ወደ አቅራቢው አገር ሲሄድ፣ አቅራቢው በተጠቃሚው አገር የንግድ ተቋም ሲከፍት፣ እና ባለሙያው በአካል ተጉዞ ሲሠራ። የክፍያ ሚዛን በዋናነት የሚይዘው አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን ነው፤ ሦስተኛው ራሱን የቻለ ስታቲስቲክስ ይፈልጋል።

ማን ይሥራው?

በአንዳንድ አገሮች ሥራው የማዕከላዊ ባንክ፣ በሌሎች የስታቲስቲክስ ተቋም ነው፤ ሁለቱም ያስኬዳል። የማያስኬደው ኃላፊነቱ ሳይለይ ሁለቱ ተቋማት ለአንድ ኩባንያ የተለያየ መጠይቅ መላካቸው ነው። መጠይቁን መሙላት ግዴታ የሚያደርግ፣ የተገኘውንም መረጃ ለግብርም ሆነ ለቁጥጥር ተግባር እንዳይውል የሚከለክል ሕግ መኖር አለበት፤ በተቋማቱ መካከል ደግሞ የመረጃ ልውውጡን ጊዜና ቅርጽ የሚወስን የመግባቢያ ሰነድ መፈረም ይገባል። የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቶች ገና ከጅምሩ የዚህ ሰነድ ተዋዋይ ቢሆኑ መልካም ነው።

የባንክ መዝገብ፦ ፈጣን፣ ግን በጥንቃቄ የሚያዝ

ብዙ አገሮች የሚጀምሩት ባንኮች ስለ ውጭ ክፍያዎች ከሚያቀርቡት ሪፖርት ነው። ባንኩ ለእያንዳንዱ ክፍያ የምክንያት ኮድ፣ የአገር ስምና መጠን ስለሚመዘግብ፣ መረጃው በየወሩ በርካሽ ይገኛል። ጉድለቱ ግን ባንኩ የሚያየው ገንዘቡን እንጂ አገልግሎቱን አለመሆኑ ነው።

ለምሳሌ አንድ የውጭ አየር መንገድ በአገር ውስጥ ለሚኖሩ መንገደኞች የ10 ሚሊዮን ዶላር ትኬት ሸጠ እንበል። ከዚሁ ገንዘብ ላይ 4 ሚሊዮኑን ለአውሮፕላን ማረፊያና ለመሬት ላይ አገልግሎት እዚያው ለአገር ውስጥ ድርጅቶች ከፍሎ፣ ቀሪውን 6 ሚሊዮን ወደ ዋና መሥሪያ ቤቱ ይልካል። የባንኩ ሪፖርት የ6 ሚሊዮን ዶላር የተገዛ አገልግሎት ብቻ ያሳያል። እውነታው ግን አገሪቱ የ10 ሚሊዮን አገልግሎት ገዝታ የ4 ሚሊዮን አገልግሎት መሸጧ ነው። የተጣራው ልዩነት አንድ ቢሆንም ሁለቱም ወገን በ4 ሚሊዮን አንሷል፤ የትራንስፖርት ዘርፉን የሚያጠና ሰው የሚያየው የተዛባ ሥዕል ነው። ስለዚህ እንደ አየር መንገድና የመርከብ ወኪል ያሉ፣ ተቻችሎ የመክፈል ልማድ ያላቸውን ድርጅቶች ከባንክ መዝገብ አውጥቶ በቀጥታ መጠየቅ የግድ ነው።

ሌላው ችግር የኮድ አመዳደብ ነው። መስኮት ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ወረፋ እየጠበቀው 80 ኮዶችን አያነብም፤ «ሌሎች አገልግሎቶች» የሚለውን መርጦ ያልፋል። መፍትሔው ኮዶቹን ማሳነስ፣ አጭር ማብራሪያ ማዘጋጀትና ከየባንኩ የሚመጣው ሪፖርት ውስጥ «ሌሎች» የተባለው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው በየወሩ መከታተል ነው። ድርሻው በድንገት ያደገበት ባንክ ካለ ስልክ መደወል ከማንኛውም የስሌት ማስተካከያ ይበልጣል። የክፍያው ቀን አገልግሎቱ ከተሰጠበት ቀን ሊለይ እንደሚችልና ክፍያው ያለፈበት አገር የደንበኛው አገር ላይሆን እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። በዚህ ላይ ባንኮች ትናንሽ ክፍያዎችን ሪፖርት ከማድረግ ነፃ የሚሆኑበት የገንዘብ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር መረጃው ይሳሳል፤ የአውሮፓ ኅብረት ይህንን መጠን ከ12,500 ዩሮ ወደ 50,000 ዩሮ ከፍ ማድረጉ ለብዙ አባል አገሮች ወደ ድርጅቶች የዳሰሳ ጥናት መሸጋገሪያ ምክንያት ሆኗል።

የድርጅቶች የዳሰሳ ጥናት

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ከመጠይቁ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ደግሞ የድርጅቶች መዝገብ ነው። አገልግሎት ወደ ውጭ የሚሸጡና ከውጭ የሚገዙ ድርጅቶች ዝርዝር በአንድ ቦታ ተቀምጦ አይገኝም፤ ከባንክ ሪፖርት፣ ከውጭ በተገዛ አገልግሎት ላይ ከሚከፈል የተጨማሪ እሴት ታክስ መዝገብ፣ ከኢንቨስትመንት ፈቃድ፣ ከሙያ ማኅበራትና ከዘርፍ ተቆጣጣሪዎች እየተለቀመ ይገነባል። በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማያያዝ ሥራውን በእጅጉ ያቀላል። ከዚያ በኋላ ለሰፊ ናሙና «ባለፈው ዓመት ለውጭ ደንበኛ አገልግሎት ሸጣችኋል? ከውጭ ገዝታችኋል? በግምት ምን ያህል?» የሚል የአንድ ገጽ ማጣሪያ መላክ ይበጃል። በእኔ እምነት በጀት ሲያጥር መጠይቁ ይጠር፣ ድግግሞሹ ይቀነስ እንጂ ይህ ማጣሪያ መቅረት የለበትም፤ ያልታወቀ ላኪ በየትኛውም የስሌት ዘዴ አይተካም። አገልግሎት ከውጭ መግዛት የአገልግሎት ድርጅቶች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑም ይታሰብ፤ ፋብሪካም ሶፍትዌር ይገዛል፣ የውጭ አማካሪ ይቀጥራል፣ ለንግድ ምልክት ይከፍላል።

ንግዱ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ትላልቅ ድርጅቶች እጅ ስለሆነ፣ ትላልቆቹን ሁሉንም መጠየቅ፣ ከቀሩት ደግሞ ናሙና መውሰድ የተለመደ ነው። መጠይቁ መጻፍ ያለበት የሂሳብ ሠራተኛው በሚያውቀው ቋንቋ ነው። «የአእምሯዊ ንብረት መጠቀሚያ ክፍያ» ተብሎ ሲጠየቅ ባዶ የሚተወው ሰው «በዓመቱ ለውጭ ኩባንያ ለንግድ ምልክት፣ ለፓተንት ወይም ሶፍትዌር አባዝቶ ለመሸጥ ፈቃድ የተከፈለ» ሲባል መዝገቡን ገልጦ ቁጥሩን ያገኛል። በአንድ ቡድን ውስጥ ባሉ ኩባንያዎች መካከል የሚደረግ ክፍያ ለብቻው ይጠየቅ፤ «የአስተዳደር ክፍያ» በሚል ስም ወደ እናት ኩባንያ የሚሄደው ገንዘብ የሂሳብ አያያዝ፣ የኮምፒውተር አገልግሎት፣ አንዳንዴም የትርፍ ድርሻ ተቀላቅሎበት ሊገኝ ይችላልና። አገልግሎት የሰጠው ወይም የተቀበለው ወገን የሚገኝበት አገር፣ አገልግሎቱ የተሰጠበት ጊዜ እና ያልተጣራው መጠን መጠየቃቸው ለድርድር አይቀርብም። ሌላው ሁሉ እንደ አቅም ነው።

መጠይቁ ከመሰራጨቱ በፊት በተለያዩ ዘርፎች ካሉ ጥቂት የሂሳብ ኃላፊዎች ጎን ተቀምጦ ሲሞሉት ማየት ያስፈልጋል። እጃቸው የሚቆምበት ጥያቄ መስተካከል ያለበት ጥያቄ ነው። ምላሽ በመጣ ጊዜ ደግሞ ያለፈውን ዓመት ቁጥር አጠገቡ አድርጎ ማነጻጸር፣ በሺህ መሞላት የነበረበት በአሃድ ተሞልቶ እንደሆነ ማጣራት፣ ያልመለሱ ትላልቅ ድርጅቶችን ደግሞ በስልክ መከታተል ይከተላል።

ጉዞ፣ ጭነትና መድን

እነዚህ ሦስቱ በድርጅት መጠይቅ ብቻ አይገኙም። ለጉዞ የተለመደው ስሌት የተጓዦች ቁጥር በአማካይ ወጪ ሲባዛ ነው፤ ቁጥሩ ከኢሚግሬሽን፣ ወጪው ተጓዦች ሲወጡ ከሚደረግ ቃለ መጠይቅ ይገኛል። የብሪታንያ የዓለም አቀፍ መንገደኞች ዳሰሳ እ.ኤ.አ. በ1961 የተጀመረው በዚህ መንገድ ነው። ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለሕክምናና ለመዝናናት የሚጓዙትን ነጥሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጥቂት ተማሪዎች ከብዙ ጎብኚዎች የበለጠ ሊያወጡ ይችላሉ። የባንክ ካርድ መረጃ ጠቃሚ ደጋፊ ቢሆንም፣ ቤት ተቀምጦ ከውጭ የተገዛ ዕቃ ከጉዞ ወጪ ጋር እንዳይደባለቅ መለየት ያሻል።

የጭነት አገልግሎት ከጉምሩክ መረጃ በስሌት ይወጣል። ወደ አገር የገባ ዕቃ በጉምሩክ የሚመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ የማጓጓዣና የመድን ወጪን ጨምሮ ሲሆን፣ የክፍያ ሚዛን ደግሞ ዕቃውን የሚፈልገው ከላኪው አገር ድንበር ላይ ባለው ዋጋ ነው። በ1,000 ሚሊዮን የተመዘገበ ዕቃ ውስጥ 80 ሚሊዮኑ የማጓጓዣ ወጪ ቢሆንና ከዚህም ሦስት አራተኛውን የውጭ አጓጓዦች ቢያጓጉዙት፣ 80 ሚሊዮኑ ከዕቃው ዋጋ ይቀነስና 60 ሚሊዮኑ ከውጭ የተገዛ የትራንስፖርት አገልግሎት ሆኖ ይመዘገባል። ቀሪው 20 ሚሊዮን በነዋሪዎች መካከል የተደረገ ግብይት ስለሆነ አይመዘገብም። የማጓጓዣው ድርሻ በየጊዜው ከዲክላራሲዮን ናሙና መታደስ አለበት፤ የጭነት ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ሊለዋወጥ ስለሚችል ከዓመታት በፊት የተሰላ ድርሻን ይዞ መቀጠል ዕቃውንም አገልግሎቱንም ያዛባል።

መድን ላይ የሚደጋገም ስሕተት አረቦኑን በሙሉ እንደ አገልግሎት መቁጠር ነው። አብዛኛው አረቦን ተመልሶ ለካሳ የሚከፈል ስለሆነ፣ የአገልግሎቱ ዋጋ የሚሆነው የዘመኑ አረቦን አረቦኑ ኢንቨስት ተደርጎ ካስገኘው ገቢ ጋር ተደምሮ ካሳው ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ነው። አረቦኑ 100፣ የኢንቨስትመንት ገቢው 5፣ ካሳው 70 ቢሆን አገልግሎቱ 35 ይሆናል። ከባድ አደጋ በደረሰበት ዓመት ውጤቱ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ በስሌቱ የሚገባው የበርካታ ዓመታትን ልማድ ተከትሎ የተስተካከለ ካሳ ነው።

በውጭ የተቋቋሙ ኩባንያዎች

ሦስተኛው የአቅርቦት መንገድ የሚለካው ከግማሽ በላይ የድምፅ መብታቸው በውጭ ባለሀብት እጅ ያለ ኩባንያዎችን ሽያጭ፣ የሠራተኛ ብዛትና እሴት ጭማሪ በመሰብሰብ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት ባዘጋጀው የሙከራ ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2017 ከዓለም የአገልግሎት ንግድ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው በዚህ መንገድ የቀረበ ስለሆነ ችላ የሚባል አይደለም። ሆኖም እነዚህን ሽያጮች ከክፍያ ሚዛኑ ጋር ዝም ብሎ መደመር አይቻልም፤ የሽያጩ ከፊል የዕቃ ሊሆን ይችላል፣ ኩባንያው ወደ ውጭ የላከውም አስቀድሞ በክፍያ ሚዛን ተቆጥሯል።

ማመሳከርና ማተም

አንዱ አገር ሸጥኩ ያለውን ሌላው ገዛሁ ካለው ጋር ማመሳከር ጥሩ ፈተና ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ግን እምብዛም አይገጥሙም። አሜሪካና ብሪታንያ ለረጅም ጊዜ እያንዳንዳቸው በሌላው ላይ የአገልግሎት ንግድ ትርፍ እንዳላቸው ሪፖርት ሲያደርጉ ቆይተዋል። የሁለቱ አገሮች የስታቲስቲክስ ተቋማት ተቀምጠው ሲመረምሩ ካገኟቸው ምክንያቶች አንዱ አሜሪካ ጀርሲን፣ ገርንዚንና የማን ደሴትን ከብሪታንያ ጋር ስትቆጥር ብሪታንያ ራሷ አለመቁጠሯ ነው። የሌላው አገር ቁጥር ከፍ ስላለ ብቻ የራስን መለወጥ ስለዚህ አይገባም፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የሚደረግ ማስተካከያ ሁለት የተለያዩ ስሕተቶችን አንድ ያደርጋል።

በኅትመት ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ድርጅቶች ቁጥር የሚገለጥበት የሠንጠረዥ ሕዋስ ይሸፈናል፤ ከጠቅላላው ድምር ተቀንሶ እንዳይገኝም ሌላ ሕዋስ አብሮ መሸፈን ይኖርበታል። የግለሰብ መረጃ ምስጢራዊነት የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ካጸደቃቸው መሠረታዊ መርሆች አንዱ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚከለስ የሚያሳይ የጊዜ ሰሌዳ በይፋ መቀመጥ አለበት፤ ምንጩና ዘዴው የተቀየረበት ዓመት በሠንጠረዡ ላይ ምልክት ካልተደረገበት አንባቢው የዘዴ ለውጡን እንደ ንግድ ዕድገት ያነበዋል።

ቁጥሩን ሥራ ላይ ማዋል

የመጀመሪያው ተጠቃሚ የክፍያ ሚዛን ነው፤ ከዚያም የተሸጠውና የተገዛው አገልግሎት ወደ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ስሌት ይገባል። በዚህ ረገድ ብዙ የሚባል የለም፤ ሁለቱ ስሌቶች አንድ ቁጥር መጠቀማቸውን ማረጋገጥ ይበቃል።

ጥንቃቄ የሚሻው በንግድ ድርድር ላይ የሚደረገው አጠቃቀም ነው። ተደራዳሪዎች የሚነጋገሩት በአራቱ የአቅርቦት መንገዶች ሲሆን የክፍያ ሚዛኑ ግን በ12 መደቦች የተሰናዳ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መደብ በየመንገዱ ምን ድርሻ እንዳለው መገመት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ጉዞ በዋናነት ወደ ሁለተኛው፣ የፋይናንስ አገልግሎት ወደ አንደኛው ይሄዳል፣ የኮምፒውተርና የማማከር አገልግሎት ግን በአንደኛውና በአራተኛው መካከል ይከፈላል። በድርጅቶች መጠይቅ ላይ «ከዚህ ሽያጭ ውስጥ ሠራተኞቻችሁ ወደ ደንበኛው አገር ሄደው የሰጡት በመቶ ስንት ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ መጨመር ግምቱን በእጅጉ ያጠነክረዋል። ለባለሙያዎች ቪዛ የሚከራከር ልዑክ ይህን ቁጥር ይፈልገዋል፤ ስለ ባንክ ወይም ስለ ቴሌኮም ዘርፍ መከፈት የሚደራደር ደግሞ የክፍያ ሚዛኑን ትቶ በውጭ ባለሀብቶች የተያዙ ኩባንያዎችን ሽያጭ መመልከት አለበት።

የዘርፍ ፖሊሲ አውጪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት የተጣራውን ልዩነት ብቻ ነው፤ ከውጭ የሚገዛ አገልግሎትንም እንደ ኪሳራ ያዩታል። ከውጭ የተገዛው የጭነት፣ የሶፍትዌርና የመድን አገልግሎት ለዕቃ ላኪው ግብዓት ስለሆነ፣ ሁለቱንም ወገን ለየብቻ ማቅረብ ይመረጣል። ከዚህ የዘለለ ጥያቄ፣ ለምሳሌ በአንድ ከተማ ወይም በአንድ ጠባብ የሙያ ዘርፍ ደረጃ ያለ ቁጥር፣ ሲቀርብ ናሙናው ያንን መሸከም የማይችል ከሆነ ተቋሙ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ጥያቄው ግን ይመዝገብ፤ የሚቀጥለው መጠይቅ ሲከለስ የትኛው መደብ መዘርዘር፣ የትኛው መጠቅለል እንዳለበት የሚወሰነው ከእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ ተነሥቶ ነው።